የወደቀውን ወንድም ማንሣት

ከመካከላችን አንዱ በኃጢአት ቢወድቅ ምን እናደርጋለን? ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ደረጃውን አስተምሮናል። በመጀመሪያ ወንድማችንን ለብቻው እንመክረዋለን፤ ባይሰማን አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘን እንመለሳለን፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚነገረው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሥርዓቱ ተገልብጦ፥ ጉዳዩ ከባለቤቱ በፊት ለጎረቤት ይደርሳል። ሐሜት ደግሞ የወደቀውን ያርቀዋል እንጂ አያነሣውም።

ይህ ማለት ግን ኃጢአትን እንሸፋፍን ማለት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ከአባቱ ሚስት ጋር የኖረውን ሰው ከመካከላቸው እንዲያወጡት የቆሮንቶስን ምእመናን አዝዟል (1ኛ ቆሮ. 5)። በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 2 ደግሞ፥ በብዙዎች የተቀጣ ሰው ኀዘን በዝቶበት እንዳይዋጥ ይቅር እንዲሉትና እንዲያጽናኑት ይለምናቸዋል። እንግዲህ የተግሣጽ ዓላማ ማጥፋት ሳይሆን መመለስ ነው።

ስለዚህ ወንድማችን ወይም እኅታችን ከጉባኤ ሲቀሩ ቤታቸው ድረስ እንሂድ፤ ወደ ንስሐ አባታቸው እንዲቀርቡ እናበረታታቸው፤ ሲመለሱም ያለፈውን ሳናነሣ በደስታ እንቀበላቸው። እኛም ቆመን የምንገኘው በእግዚአብሔር ቸርነት ነውና። አምላካችን ይርዳን፤ አሜን።