ልጆችን ለሥራና ራስን ለመቻል ስለ ማሳደግ

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወንጌልን እየሰበከ ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ተጽፏል። ይህን እያነበብን ልጆቻችን የመንግሥት ወንበር ብቻ እንዲጠብቁ የምናሳድግ ከሆነ፥ ንባቡ እንጂ ምሥጢሩ አልገባንም።

በዚህ ረገድ የወልቂጤና የቡታጅራ ወላጆች ለሌላው የሚተርፍ ልማድ አላቸው። ወንዱ ልጅ ከዘመዱ ጋር አዲስ አበባ መርካቶ ይገባል፤ ጫማ እየጠረገ፥ ሱቅ እየጠበቀ ገንዘብ መቁጠርን ይማራል፤ ዕቁብ ገብቶ ያጠራቅማል፤ ለመስቀልም ስጦታ ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። መልካም ነው። ነገር ግን ከትምህርት ገበታ ተነጥቆ የሄደ ሕፃን እንደ ሆነ፥ ያ ትርፍ ሳይሆን ዕዳ ነው።

የሴቲቱ ልጅ ነገር ይብሳል። እንሰቱን ፍቃ ቆጮውን አዘጋጅታ ቤቱን የምትመግበው እርሷ ስትሆን፥ በብዙ ቤት የእኔ የምትለው ገንዘብ የላትም። ባሏ ቢሞት ወይም ቢከዳት የሰው ፊት ታያለች። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 የተመሰገነችው ሴት ግን እርሻ መርጣ የምትገዛ፥ በድካሟ ፍሬ ወይን የምትተክል ናት፤ ልድያም ነጋዴ ነበረች። ወልቂጤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ይህን በደጅ ያለ ትምህርት ለወንድሟ ብቻ የፈቀደው ማን ነው?

እኛ ካህናትም ወደ ንስሐ ልጆቻችን ቤት ስንገባ፥ የሠርጓን ቀን ከመጠየቃችን በፊት ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰች እንጠይቅ። ወላጆችም ለወንዱ የዕቁብ መነሻ ሲሰጡ ለእኅቱም ይስጧት፤ ገበያ ወጥታ የሸጠችበትንም ገንዘብ እርሷው ትቁጠረው።