መጠየቅ ሁሉ ማማከር አይደለም

ለሥራ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቤይሩት ለመሄድ ያሰበች ወጣት ከመወሰኗ በፊት ብዙ ሰው ታነጋግራለች። ደላላውን ወጪው ስንት እንደሆነ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰችውን የሰፈሯን ልጅ ደግሞ ደመወዙ ምን ያህል እንደሆነና ቪዛው በስንት ጊዜ እንደሚደርስ ትጠይቃለች። የምታገኘው መልስ ትክክል ሊሆን ይችላል። ተመላሿ ግን ፓስፖርት በአሠሪ እጅ ሲያዝ ምን እንደሚከተል፣ የሠራተኛን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር በሚያስተሳስረው የከፋላ ሥርዓት ከአሠሪ ፈቃድ ውጭ ሥራ መቀየር ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች። ስላልተጠየቀች አልተናገረችም። የወጣቷን የቤት ችግር፣ ያለባትን ዕዳ፣ እዚሁ ሊኖራት የሚችለውን ሌላ መንገድም አልሰማችም። ወጣቷ በኋላ «አማክሬ ነው የሄድኩት» ብትል አልዋሸችም፤ እንደዚያ ነው የሚመስላት። ያደረገችው ግን ቃለ መጠይቅ ነበር።

በቃለ መጠይቅ ጥያቄው በጠያቂው እጅ ነው። ምን እንደሚነሳ፣ የቱ እንደሚቀድም፣ የት ላይ እንደሚያበቃ የሚወስነው እሱ ነው፤ የራሱ ጉዳይ እንደተሸፈነ ይቆያል። የሚያማክር ሰው ያሰበውን፣ ልቡ ያጋደለበትን፣ የሚፈራውን አውጥቶ ያስቀምጣል። ከዚያም ሌላው ሰው «የያዝከው ጥያቄ ራሱ ልክ አይደለም» እንዲለው ቦታ ይለቃል። ልዩነቱ ከአነጋገር ትሕትና ወይም ከሰውየው ማዕረግ አይመጣም። ታላቅ ፕሮፌሰር ፊት እጅ ነስቶ ቁጥር ብቻ ይዞ መመለስ ይቻላል፤ ያልተማረ ጎረቤትንም ከልብ ማማከር ይቻላል። ወሳኙ ነገር ውሳኔው ገና ክፍት መሆኑና ጠያቂው ጉዳዩን ለመግለጥ መፍቀዱ ነው።

ጥያቄውን የያዘ ሰው መልሱንም ሳያውቀው ምን ያህል እንደሚመራው ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው የመኪኖቹን ፍጥነት ጠየቁ። «ሲላተሙ» የሚል ኃይለኛ ቃል የሰሙት በአማካይ በሰዓት 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲገምቱ፣ «ሲነካኩ» የሚል ለስላሳ ቃል የሰሙት 51 ገደማ ገመቱ። ፊልሙ ተመሳሳይ ነበር። ሐኪም ቤትም ይኸው ነገር በሌላ መልኩ ይታያል። ሃዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት 74 የሕክምና ቀጠሮዎችን አድምጠው ነበር። ሐኪሞቹ የታካሚውን ንግግር በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ በራሳቸው ጥያቄ ያቋርጡት ነበር፤ የመጣበትን ነገር እስከ መጨረሻ የተናገረው በ17ቱ ቀጠሮዎች ብቻ ነው። ሐኪሙን ሊያማክር የገባ ሰው መልስ ሰጪ ብቻ ሆኖ ወጣ ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ማስረጃ ግን የቻሌንጀር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ምሽት፣ የጠፈር መንኮራኩሯ ልትመጥቅ አንድ ሌሊት ሲቀራት፣ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት የናሳ ኃላፊዎች ከሮኬቶቹ አምራች ከሞርተን ታዮኮል ባለሙያዎች ጋር በስልክ ተሰበሰቡ። በፍሎሪዳ ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች እንደሚወርድ ተተንብዮ ነበር። መሐንዲሱ ሮጀር ቦዥሌይና ባልደረቦቹ የሮኬቱን መገጣጠሚያ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት በብርድ እንደሚደርቅና የጋለ ጋዝ ሊያሳልፍ እንደሚችል አስረዱ። ከ12 ዲግሪ በታች ከሆነ አትነሳ ብለው መከሩ። ለውጭ ተመልካች ይህ ሙሉ ምክክር ነው፤ ባለሙያ ተጠራ፣ ባለሙያም ተናገረ። ኃላፊዎቹ ግን ምክሩን እንደሰሙ መሐንዲሶቹን በጥያቄ አፋጠጧቸው፤ አደጋ እንደሚደርስ በማስረጃ እንዲያረጋግጡ ፈለጉ። የተሟላ ማረጋገጫ በማንም እጅ አልነበረም። የኩባንያው ሰዎች ለብቻቸው ሊነጋገሩ ከስልኩ ወጡ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። በዚያ መሃል አንድ ከፍተኛ አለቃ የምህንድስና ኃላፊውን እንደ መሐንዲስ ማሰብ ትቶ እንደ ሥራ አስኪያጅ እንዲያስብ ነገረው። ሲመለሱ ምክሩ ተገልብጦ ነበር። በማግስቱ ቻሌንጀር በተነሳች በ73ኛው ሴኮንድ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ የነበሩባት 7 ሰዎችም ሞቱ።

ቦዥሌይ በኋላ አደጋውን ለመረመረው ኮሚሽን እንደመሰከረው፣ በዚያ ስብሰባ ለመነሳት የቆረጠ ስሜት ነግሦ ነበር፤ አደገኛ መሆኑን ያለ አንዳች ጥርጣሬ የማሳየት ሸክም በእነሱ ላይ ወደቀ። ለምክር የተጠሩ ሰዎች እንደ ፍርድ ቤት ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ተያዙ። «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» እንላለን፤ ናሳ ግን መካሪ አላጣም። ያ ምሽት ያሳየኝ ነገር፣ መካሪን በአጠገብ ማስቀመጥና መካሪን መስማት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው።

እዚህ ላይ ጊዜ የሚያነሳ ይኖራል። አስቸኳይ ነገር ሲመጣ ጉዳይን ዘርግቶ መወያየት ቅንጦት ነው ይባላል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ሁለት ዓመታት ለዚህ መልስ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ለኩባው የአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ወረራ ሲዘጋጅ፣ አማካሪው አርተር ሽሌሲንገር ተቃውሞውን በጽሑፍ አቅርቦ ነበር፤ በስብሰባዎቹ ላይ ግን ዝምታን መረጠ፤ ወረራውም ከሸፈ። በኦክቶበር 1962 የሶቪየት ሚሳይሎች ኩባ ውስጥ ሲገኙ አደጋው እጅግ የባሰ፣ ጊዜውም እጅግ የጠበበ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከአማካሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ አየር ድብደባ አጋድለው ነበር። ኬኔዲ ሰዎቹ በነፃነት እንዲከራከሩ ከአንዳንዶቹ ስብሰባዎች ራሱ ቀረ። ክርክሩ ወደ ባሕር ከበባ አመራ፤ ዓለም በ13 ቀናት ውስጥ ያለ ኑክሌር ጦርነት ከዚያ ቀውስ ወጣች። ለምክክሩ የዋሉት ጥቂት ቀናት አልባከኑም።

ሌላው ፍርሃት ማማከር ደካማ ያስመስላል የሚለው ነው። በተለይ አዲስ አለቃ የሆነ ሰው ይህን ይፈራል፤ ለዚህም ነው ሐሳቡን ደብቆ ዙሪያውን የሚጠይቀው። አሊሰን ብሩክስ፣ ፍራንቼስካ ጂኖና ሞሪስ ሽዋይትዘር እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ተቃራኒውን አገኙ፤ በከባድ ሥራ ላይ ምክር የሚጠይቅ ሰው በተጠየቀው ሰው ዓይን ብቃቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ይህ ግን ምክሩ ከልብ ለሚፈለግበት ነው። የወሰነውን ነገር ለማጸደቅ «ምን ትላለህ?» የሚል ሰው ቶሎ ይታወቅበታል፤ ሁለተኛ ጊዜ እውነቱን የሚነግረውም አያገኝም።

ይህን ሁሉ ስል ቃለ መጠይቅን እያሳነስኩ አይደለም። ዳኛ ምስክርን፣ ጋዜጠኛ ባለሥልጣንን፣ ቆጠራ ሠራተኛ አባወራን ሲጠይቅ ጥያቄውን በእጁ አጥብቆ መያዝ አለበት። ጋዜጠኛው ባለሥልጣኑን ምን ልጻፍ ብሎ ቢያማክረው አንባቢውን ከዳ። ስህተቱ የሚጀምረው ሰው አንዱን አድርጎ ሌላውን አደረግሁ ብሎ ሲያምን ነው።

እንግዲህ ማማከር የፈለገ ሰው ከጥያቄ አይጀምር፤ ከጉዳዩ ይጀምር። ሽማግሌዎች የተጣሉ ሰዎችን ሲያስታርቁ አስቀድመው እያንዳንዱን ወገን በደሉን እስኪጨርስ ይሰሙታል፤ የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው። ምክር ፈላጊም ለመካሪው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው የመስማት ዕድል ይስጠው፤ ወደየት እንዳጋደለም ጭምር ይንገረው፤ ከዚያም «ያልጠየቅኩህ ምን አለ?» ይበል። «ይቅርብህ» ብሎ ቢመክር ምንም የማይቀርበትን ሰው መምረጥ ጥሩ ነው፤ ደላላው ኮሚሽኑ የሚከፈለው ጉዳዩ ሲፈጸም ነውና መረጃ ይወሰድበት እንጂ ምክር አይጠበቅበት። ምክሩን መቀበልም ግዴታ አይደለም፤ ኃላፊነቱ ከወሳኙ ትከሻ አይወርድም። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ከውሳኔው በኋላ ያለውን ነው፤ ወደ መካሪው ተመልሶ ምን እንደተወሰነ፣ ምክሩ ካልተወሰደም ለምን እንዳልተወሰደ መንገር ያስፈልጋል። ምክሩ የት እንደደረሰ ያልሰማ መካሪ በሚቀጥለው ጊዜ ለሚጠየቀው ብቻ አጭር መልስ ሰጥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል።