ቡናን በእጅ ስልክ ለገዢ ስለ ማስታወቅ

የጌዴኦ ገበሬ ቡናን ከእንሰትና ከዋንዛ ጥላ ሥር ማሳደግን ከአባቶቹ ተምሯል። ለሩቅ ገዢ ማስታወቁ ግን አዲስ ትምህርት ነው። ልጆቻችን በዲላና በይርጋ ጨፌ የሚያዩዋቸው ፌስቡክና ቴሌግራም ለወሬ ብቻ ሳይሆን ለገበያም ያገለግላሉ።

በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገው «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለ የቡና ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና፣ በኢንተርኔት ጨረታ አንዱ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም) በ185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጧል። ይህን ዋጋ ማንም አገኛለሁ ብሎ አይጠብቅ። ነገር ግን ተጫራቾቹ ናሙናውን ቀምሰው፣ የማን ቡና እንደ ሆነም አውቀው ነው የገዙት።

ስለዚህ ፎቶግራፍ ብቻ መላክ አይበቃም። ከሥሩ ቀበሌውን፣ የቦታውን ከፍታ በሜትር፣ የተለቀመበትን ወር፣ የታጠበ ወይም ጀንፈል መሆኑን፣ ብዛቱንም በኪሎ ጻፉ። በደንብ የቀላ እሸት ብቻ ተለቅሞ በአልጋ ላይ ሲደርቅ ማሳየት «የእኔ ቡና ምርጥ ነው» ከማለት ይበልጣል። የጎረቤትን ቡና አንሥቶ የራስ አድርጎ ማሳየት ግን ናሙናው በተቀመሰ ዕለት ያሳፍራል።

አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ገበሬ የራሱን ቡና ወደ ውጭ አገር እንዲልክ በር ከፍቷል፤ ፈቃድ ግን ማውጣት ያስፈልጋል። ጥቂት ኩንታል ያለው ሰው ብቻውን ከሚደክም በመሠረታዊ ማኅበሩ በኩል ቢያቀርብ ይሻለዋል። የማታውቁት «ገዢ» አስቀድማችሁ ገንዘብ ላኩልኝ ካለ አትላኩ፤ የቴሌብር የምሥጢር ቁጥራችሁንም ለማንም አትንገሩ።