የጐነቈለ ዘር ችግኝ እስኪሆን ድረስ

የአትክልት ዘር በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ደንበኛው የቲማቲም ወይም የቃሪያ ዘር ገዝቶ ይሄዳል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ «ዘራችሁ የሞተ ነው» ይላል። ነጋዴውም ወይ ገንዘቡን ይመልሳል፥ ወይ ደንበኛውን ያጣል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ዘሩ በቅሎ ነበር፤ የሞተው ከበቀለ በኋላ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለአስመጪውም ለቸርቻሪውም የሚጠቅም ስለ ሆነ በዛሬው ትምህርታችን እንመለከተዋለን።

ማብቀል ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ብቅል የምታዘጋጅ ሴት ገብሱን ዘፍዝፋ፥ ውሃውን አጥልላ፥ በቅጠል ጠቅልላ ስታኖረው በጥቂት ቀን ይጐነቍላል። እስከዚህ ድረስ ዘሩ የሚኖረው በራሱ ስንቅ ነው። ብቅሉ ሥር ካወጣ በኋላ ለፀሐይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ችግኝ የሚፈልግ ሰው ግን ገና ሥራውን መጀመሩ ነው።

አስመጪው ዕቃው እንደ ገባ ከየምድቡ 100 ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መካከል ያኑር፤ ሙቀቱም ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ቲማቲም ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል። ቃሪያ ግን 2 ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል በ8ኛው ቀን ሞተ ብሎ መፍረድ ችኰላ ነው። የበቀለው ተቈጥሮ ከቀኑና ከምድቡ ቍጥር ጋራ በመዝገብ ይግባ።

የጐነቈለው ፍሬ ሥሩ ሳይረዝም በወረንጦ ቀስ ተብሎ ይነሣና በለሰለሰ ዐፈር ውስጥ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበር። ሥሩ ከተሰበረ ሌላ ፍሬ መውሰድ ይሻላል።

ቡቃያው ብቅ ካለበት ሰዓት ጀምሮ የሚያሻው ብርሃን ነው። ቀጥኖና ነጥቶ ወደ መስኮት የተንጋደደ ቡቃያ ብርሃን የተራበ ነው። በሰሜን አገሮች የተጻፉ መጻሕፍት ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ምረጡ ይላሉ፤ ይህ ምክር በአዲስ አበባ ሁልጊዜ አይሠራም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በአናት ላይ ወይም ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ስለምትውል በደቡብ መስኮት አትገባም፤ በክረምትም ደመናው ይጨመርበታል። የጧት ፀሐይ የሚገባበት የምሥራቅ መስኮት ይሻላል። እርሱ ከሌለ ነጭ የፍሎረሰንት መብራት ከቅጠሉ ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሎ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይብራ። (ዘር የሚሸጥ ሱቅ መብራቱንም አብሮ ቢሸጥ ነውር የለበትም።)

ሁለተኛው ገዳይ ደግሞ የውሃ ብዛት ነው። ቡቃያው ደኅና አምሽቶ ጧት ሲታይ ግንዱ ከዐፈሩ አፍ ላይ ቀጥኖ ወድቆ ይገኛል። ይህ እርጥበትና ቅዝቃዜ ያበረታቱት የሻጋታ በሽታ ነው፤ የወደቀውንም የሚያድን መድኃኒት የለም። መከላከያው ዕቃውን ከሥሩ መብሳት፥ ውሃውን ከታች ማጠጣትና ትርፉን መድፋት፥ ዘሩን አራርቆ መዝራት፥ ነፋስም እንዲያገኘው ማድረግ ነው። ከጓሮ የተዛቀ ዐፈር በሽታውን ይዞ ሊመጣ ስለሚችል አይታመንም።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ቀጥለው እውነተኛዎቹ ቅጠሎች ሲወጡ ችግኙ ወደ ሰፊ ዕቃ ይዛወራል፤ ሲነሣ በቅጠሉ እንጂ በግንዱ አይያዝም። ወደ ደጅ ከመተከሉም በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ጥቂት በጥቂት ፀሐይና ነፋስ ይለማመድ።

እንግዲህ ደንበኛው ሲመለስ ነጋዴው አስቀድሞ «ጨርሶ አልወጣም? ወይስ ወጥቶ ወደቀ?» ብሎ ይጠይቅ። ወጥቶ ከወደቀ ከላይ ያልነውን ያስረዳው። ጨርሶ ካልወጣ ግን መዝገቡን ይግለጥ፤ ከ100 ፍሬ የበቀለው ጥቂት ሆኖ ከተገኘ ያለ ክርክር ይለውጥለትና፥ የመዝገቡን ግልባጭ አያይዞ ለላከለት የውጭ ኩባንያ ይጻፍ።