ሕያው ሕዋስ፦ ከማሳ እስከ አትክልት ተራ

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ከዚህ ትምህርት በኋላ የሕዋስን ዋና ዋና ክፍሎችና ተግባራቸውን ትለያላችሁ፤ አትክልት ከተሰበሰበ በኋላ የሚበላሽበትን ምክንያት አውቃችሁ የድህረ ምርት ብክነትን ትቀንሳላችሁ።

1. መግቢያ

ከፎገራ የሚነሣ ሽንኩርትና ቲማቲም አዲስ አበባ ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የአዲስ አበባ ትልቁ የአትክልት ገበያ ለብዙ ዓመታት የነበረው አራዳ፣ ፒያሳ አትክልት ተራ ነው። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ቦታው ቢቀየርም የገዢው ዓይን አልተቀየረም፤ ቲማቲሙን በጣቱ ይጫናል፣ የሽንኩርቱን አንገት ያያል፣ ጎመኑን አንሥቶ ይመዝናል። ሳያውቀው የሚመረምረው ሕዋስን ነው።

አትክልት ሲቀነጠስ አይሞትም። ሕዋሳቱ በመኪና ላይም ይተነፍሳሉ። ነገር ግን ከሥር የሚመጣው ውሃ ስለተቋረጠባቸው የሚኖሩት በያዙት ስንቅ ብቻ ነው። የእኛ ሥራ ስንቁ መንገድ ላይ እንዳያልቅ ማድረግ ነው።

2. የሕዋስ ክፍሎችና ተግባራቸው

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተሠራው ከሕዋስ ነው። አብዛኞቹ የእጽዋት ሕዋሳት ከ0.01 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። አንዱን ሕዋስ እንደ አንድ ግቢ ቁጠሩት።

ሀ. የሕዋስ ግድግዳ፦ የግቢው አጥር ነው። ለእጽዋት ቅርጽና ጥንካሬ ይሰጣል። የእንስሳት ሕዋስ ይህ የለውም።
ለ. የሕዋስ ሽፋን፦ ከአጥሩ ሥር ያለ ስስ ሽፋን ነው። እንደ በር ጠባቂ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠራል።
ሐ. ኒውክለስ፦ የግቢው አባወራ ነው። የዘር መረጃ ይይዛል፣ ሥራውን ያዛል።
መ. ማይቶኮንድሪያ፦ ምድጃው ነው። ስኳርን በኦክስጅን አቃጥሎ ኃይል ያወጣል።
ሠ. ክሎሮፕላስት፦ በአረንጓዴ ክፍሎች ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ያዘጋጃል።
ረ. ቫኪዩል፦ የውሃው ጋን ነው። ሲሞላ ሕዋሱን ይወጥረዋል፤ ሲጎድል ቅጠሉ ይጠወልጋል።

3. ሦስቱ ጉዳቶች

መጠውለግ፦ ከ100 ኪሎ ቲማቲም 94 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው። የምትሸጡት በኪሎ ስለሆነ የተነነው ውሃ የጠፋ ገንዘብ ነው። በመጠኑ የጠወለገ ጎመን ሽፋኑ ደህና ከሆነ ውሃ ሲያገኝ ይመለሳል።

መቀጥቀጥ፦ ያልተከተፈ ሽንኩርት ዓይን አያቃጥልም። ቢላ ሕዋሱን ሲሰብረው ግን ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ይቀላቀሉና የሚያስለቅሰው ጋዝ ይፈጠራል። የተቀጠቀጠ ቲማቲምም ውስጥ እንዲሁ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ፈሳሹ ይፈስሳል፣ የሚያበሰብሱ ሻጋታዎችና ባክቴሪያዎች ይገባሉ። የተሰበረ ሕዋስ አይመለስም።

መጋል፦ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የሕዋሱ ምድጃ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይፈጥናል። ምድጃው ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ ታፍኖ የተጫነ ምርት ከውስጥ ይግላል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን የዓባይ በረሃ በቀን ፀሐይ ማቋረጥ ስንቁን በፍጥነት ይጨርሳል።

4. የተግባር ሙከራ

አንድ ድንች ልጣችሁ እኩል ስስ ቁራጮች አውጡ። ግማሾቹን በንጹሕ ውሃ፣ ግማሾቹን ሁለት ማንኪያ ጨው በተጨመረበት አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሁለት ሰዓት አቆዩ። በጨው ውስጥ የቆየው ይለሰልሳል፤ ጨው ውሃውን በሽፋኑ በኩል ከጋኑ ስቦ አውጥቶታል። ዩሪያ ከሥር አጠገብ ሲበዛ ቡቃያ የሚያቃጥልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

5. ምን እናድርግ?

• ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓት ሰብስቡ፤ ወዲያው ጥላ ሥር አድርጉ።
• ለሩቅ ገበያ ቲማቲሙን መቅላት ሲጀምር ልቀሙ፤ ሕዋሳቱ መንገድ ላይ መብሰላቸውን ይቀጥላሉ።
• ቲማቲም በጆንያ አትጫኑ። ሳጥን ተጠቀሙ፤ ከአፉ በላይ አትሙሉ።
• ሽንኩርት አንገቱ እስኪደርቅ ጥላ ሥር አቆዩ። የደረቀው ልጣጭ የሞተ ሕዋስ ቢሆንም የውስጡን ሕያው ሕዋስ ይጠብቃል። ሽንኩርት ላይ ውሃ አትርጩ።
• የጥቅል ጎመን የላይኛዎቹን ሁለት ሦስት ቅጠሎች አትላጡ።
• ሸራው ከፀሐይ ይከልል፤ ነፋስ ግን አይዝጋ። ከተቻለ በረሃውን በሌሊት አቋርጡ።

6. የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጠወለገ ጎመን ሲመለስ የተቀጠቀጠ ቲማቲም የማይመለሰው ለምንድን ነው?
2. በቀበሌያችሁ ከሦስቱ ጉዳቶች ብዙ ኪሳራ የሚያደርሰው የቱ ነው? በማን እጅ ላይ ሳለ ይደርሳል፦ በለቃሚ፣ በጫኝ ወይስ በሹፌር?
3. የድንቹን ሙከራ በቤታችሁ ሠርታችሁ ውጤቱን ለሚቀጥለው ሥልጠና ይዛችሁ ኑ።