የጉዞ ገንዘብ ተከፍሎ ጉዞው ሲቀር

ትንሣኤን በኢየሩሳሌም ለማክበር ወይም ዑምራ ለማድረግ ከፍለው ከቤታቸው የቀሩ የሃይቅና የአምባሰል ሰዎች ወደ ቢሮዬ ሲመጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱ እነሱ ጋ ነው። እውነት ብቻውን ግን ፍርድ ቤት አይረታም። አንዱ ደረሰኝ የለውም፤ ሌላው ደረሰኙን ይዞ ጊዜው አልፎበታል። የዓመታት ቁጠባ፣ በሬ የተሸጠበት ገንዘብ፣ ዓረብ አገር ያለች ልጅ ለእናቷ የላከችው ደመወዝ እንዲህ ሲቀር ማየት ሰልችቶኛል። ዛሬ የምጽፈው በተለይ ገና ላልከፈሉት ነው፤ የከፈሉትም የሚጠቅማቸውን አያጡበትም።

የሕጉ መነሻ አጭር ነው፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 መሠረት በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል፤ የጉዞ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን የሚል ድንጋጌ ስለሌለም በቃል የተደረገው ይጸናል።

ሰው የሚወድቀው በዚህ ተማምኖ ነው። ውሉ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ማስረዳት ሌላ። "አብረን ነው ያደግነው፣ እሱ አይዋሸኝም" ተባብለው ቡና ላይ ተጨባብጠው የተለያዩትን ዳኛው አልሰማም። ቅር አይበላችሁና፣ መተማመን መልካም ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወሎ ላይ ተከባብሮ የኖረው በመተማመን ነው። ባሕር ተሻግሮ ለሚኬድበት ጉዞ ግን እጅ መጨባበጥ አይበቃም። ሆቴሉ ከሐረም በእግር ምን ያህል ይርቃል? አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ያድራል? ቤተ ልሔም፣ ናዝሬትና ዮርዳኖስ በዋጋው ውስጥ ናቸው ወይስ እዚያ ሲደረስ ለብቻ ይከፈላል? ስትጠይቁ "ሁሉም አለ" ትባላላችሁ። ወረቀቱ ላይ የሚገኘው "የጉዞ አገልግሎት" የሚል አንድ መስመር ነው። ከፈረማችሁ በኋላ ደግሞ ይብሳል። በአንቀጽ 2005 እና 2006 መሠረት ጽሑፉ በፈራሚዎቹ ላይ የታመነ ማስረጃ ነው፤ ቃሉን የሚቃረን ነገር በምስክር ማስረዳት አይቻልም። "ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ብለውኛል፤ እህቴም ሰምታለች" ማለት አያዋጣም። ጽሑፉ ዝም ባለበት ነጥብ ላይ ምስክር የሚሰሙ ዳኞች አሉ፣ የማይሰሙም አሉ። ስለዚህ የተነገራችሁን ሁሉ ከመፈረማችሁ በፊት በእስክሪብቶም ቢሆን አስጽፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት።

አሁን ደንበኞቼን ከሁሉ በላይ ወደጎዳው ነገር ልምጣ። ድርጅቱ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ሃይቅ ወይም ውጫሌ ላይ ገንዘቡን የሚሰበስበው "ተወካይ" ነኝ የሚል የሰፈር ሰው ነው። ጨዋ ሰው ሊሆን ይችላል። አንዲት እናት ገንዘቡን በሙሉ ለእሱ የግል ሒሳብ በባንክ አስገቡ። ጉዞው ሲቀር ድርጅቱ "ሰውየውን አናውቀውም" አለ። አንቀጽ 2190 ያለ ሥልጣን በሌላ ሰው ስም የተሠራን ሥራ፣ ስሙ የተጠራበት ሰው ሊያጸድቀውም አልቀበልም ሊለውም ይፈቅድለታል። ስለዚህ ድርጅቱ ከክሱ ወጣ። ተወካይ ነኝ ያለው ሰው ደግሞ ችሎት ቆሞ "አበድሬያቸው ነበር፣ ብድሬን መለሱልኝ" አለ። የባንኩን ወረቀት አወጣን። የከፋይ ስም አለ፣ የተቀባይ ስም አለ፣ የገንዘቡ ልክ አለ፤ "ምክንያት" የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

ያቺ ባዶ መስመር ብዙ ሰው አክስራለች። በባንክም ሆነ በቴሌብር ስትልኩ ምክንያቱ ላይ "ለኢየሩሳሌም ጉዞ፣ የእገሊት ክፍያ" ብላችሁ ጻፉ፤ ምንም አያስከፍልም። ከዚያ በፊት ግን ለግለሰብ ሒሳብ አትክፈሉ። የድርጅቱን የንግድ ፈቃድ ጠይቁ፤ ለዘንድሮ መታደሱን፣ የሥራ ዘርፉም ጉዞ መሆኑን ተመልከቱ። ገንዘብ ተቀባዩ ከድርጅቱ የተሰጠውን የጽሑፍ ውክልና ያሳያችሁ፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ደረሰኙ ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የወጣ፣ የድርጅቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት ይሁን። "ማሽኑ ተበላሽቷል፣ በኋላ ይላክልዎታል" ከተባላችሁ ገንዘቡንም በኋላ ላኩት።

ቀጥሎ ቀብድ ነው። ወረቀቱ ላይ "ቀብድ" ተብሎ ከተጻፈ፣ በአንቀጽ 1885 መሠረት ከፋዩ ሐሳቡን ሲቀይር ቀብዱን ይለቃል፤ ተቀባዩ ሲያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ማለት ነው። ሰዉ ሁለተኛውን ክፍል አያውቀውም። አንድ ድርጅት በራሱ ፈቃድ ጉዞውን ሰርዞ የከፈላችሁትን ብቻ ቆጥሮ ሲመልስላችሁ አመስግናችሁ ትወጣላችሁ፣ እጥፉን መጠየቅ ስትችሉ። ይህን የሚያውቁ ድርጅቶች ግን ቀብድ ብለው አይጽፉም፤ "ቅድመ ክፍያ" ወይም "የማይመለስ የምዝገባ ክፍያ" ይላሉ። ፍርድ ቤቶች አንዳንዴ ስሙን ትተው የክፍያውን ባሕርይ ይመረምራሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ የተጻፈውን እንዳለ ይወስዳሉ። "የማይመለስ" የሚል ካያችሁ፣ ድርጅቱ ራሱ ሲሰርዝና ቪዛ ሲከለከል ተመላሽ እንደሚሆን ለይታችሁ አስጽፉ። ቪዛ የሚሰጠውም የሚከለክለውም የሌላ አገር መንግሥት ስለሆነ፣ ውሉ ዝም ካለ ድርጅቱ "የበኩሌን አድርጌያለሁ" ብሎ ያመልጣችኋል።

ዋስትና ደግሞ የማይጓዘውን ሰው የሚበላ ነው። ተጓዡ እዚያው እንዳይቀር በመስጋት ዋስ አምጣ የሚሉ ድርጅቶች አሉ። አጎት ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ጎረቤት ተጠርቶ "ለእትዬ ጉዞ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርምላቸው" ይባላል፤ ሳያነብ ይፈርማል። አንቀጽ 1922ን ያዙ፦ ዋስትና በግምት አይኖርም፣ በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ካልተጠቀሰም አይጸናም። በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ደግሞ አንቀጽ 1725 ይናገራል። ስለዚህ የገንዘብ ልክ ሳይጻፍበት የፈረማችሁት ወረቀት ይዘው ደመወዛችሁን እናስቆርጣለን ቢሏችሁ አትደንግጡ፣ መከላከያ አላችሁ። የምፈራው ባዶ የተተወውን ቦታ ነው። ከፈረማችሁ በኋላ ቁጥር ይሞላበታል፤ "ስፈርም ባዶ ነበር" የሚለውን ማስረዳት ደግሞ በጣም ከባድ ነው። ባዶ ቦታ ላይ መስመር ሳትሰርዙበት፣ ቅጂውንም ሳትቀበሉ አትፈርሙ። ለዘመድም ቢሆን። በተለይ ለዘመድ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፣ በእኛ አካባቢ የታወቀ ነውና። ዑምራ ወይም ጉብኝት ተብሎ፣ በውስጡ ግን "ከገባሽ በኋላ ሥራ ትያዢያለሽ" የሚል ስምምነት ካለበት፣ ያ የጉዞ ውል አይደለም። ዓላማው ሕገወጥ የሆነ ውል በአንቀጽ 1716 ፈራሽ ስለሆነ ይፈጸምልኝ ብላችሁ መክሰስ አትችሉም። የከፈላችሁትን ለማስመለስ እንኳ የፍርድ ቤቶች አቋም አንድ ዓይነት አይደለም፤ በመሐል ዋሱ ይጠየቃል። ሐጅም እንዲሁ ነው። የሐጅ ምዝገባ የሚካሄደው በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በኩል ነው። "በጉብኝት ቪዛ አስገብቼ ሐጅ አስደርጋለሁ" የሚላችሁ ሰው የሚሸጠው ሕይወታችሁን ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. በነበረው ሐጅ በሙቀቱ ወቅት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳውዲ መንግሥት ሲያስታውቅ፣ 83 በመቶዎቹ ፈቃድ ሳይኖራቸው የገቡ፣ ረጅም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ ናቸው ብሏል።

ቀን የማይለወጥባቸው ጉዞዎች አሉ። ግሸን ማርያም መስከረም 21 ናት፤ ከአዲስ አበባ የተነሣው አውቶቡስ አምባሰል የሚደርሰው በማግስቱ ከሆነ ውሉ አልተፈጸመም። ትንሣኤም፣ የዐረፋ ቀንም እንደዚያው። ባለዕዳን ጥፋተኛ ለማለት በአንቀጽ 1772 በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ ሊፈጸም የሚችል ግዴታ ጊዜው ካለፈ ግን አንቀጽ 1775 ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ይላል። ሕጉ እንዲህ ቢልም ችሎት ላይ "ማስጠንቀቂያ የት አለ?" ተብሎ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በሁሉም ጉዳይ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ መቼ ከፈላችሁ፣ ምን ተባላችሁ፣ ምን ቀረ፣ በስንት ቀን ይመለስ። በሪኮማንዴ ላኩት፣ የፖስታ ቤቱንም ደረሰኝ ያዙ። በስልክ ደጋግሞ በመለመን ብቻ አትተማመኑ።

ድርጅቶች ሁልጊዜ የሚያነሡት መከላከያ "ከአቅም በላይ ሆነብን" ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። የካቲት 2012 ሳውዲ ዓረቢያ በኮሮና ምክንያት ዑምራን ስታግድ፣ በ2014 መጀመሪያ ደሴና ሃይቅ በጦርነቱ ሲያዙ፣ ማንም ድርጅት ጉዞውን ማስኬድ አይችልም ነበር። አንቀጽ 1793 የመንግሥት ክልከላንና ጦርነትን በስም ይጠቅሳል። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚችል ነገር ከአቅም በላይ አይባልም፤ መስከረም 2016 የእስራኤልና የሐማስ ጦርነት ከተነሣ በኋላ የኢየሩሳሌም ጉዞ የሸጠ ድርጅት ጦርነቱን አላውቅም ነበር ሊል አይችልም። መንገድ እየተዘጋ እየተከፈተ ባለበት ወቅት የግሸን ጉዞ የሸጠም ያው ነው። ሁለተኛ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ድርጅቱን ከኪሣራ ካሣ ያድነዋል እንጂ ያልሠራበትን ገንዘብ የራሱ አያደርግለትም። ውል ሲሰረዝ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ ይህ አንቀጽ 1815 ነው። ለአየር መንገድና ለቪዛ ከፍያለሁ የሚለውን ድርጅት በደረሰኝ ያሳያችሁ በሉት፤ ያላሳየውን አትቀበሉት።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ሦስት ዓመት በመርከብ ዓለምን ያዞራል የተባለ ጉዞ በቱርክ ኩባንያ ተሸጦ፣ ከኢስታንቡል ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው ጉዞው ተራዝሞ በኅዳር 2016 ተሰረዘ። ኩባንያው መርከቡን ገና አልገዛውም ነበር። ቤታቸውን ሸጠው ወይም አከራይተው የወጡ ሰዎች ነበሩበት፤ ገንዘባቸውም በየጊዜው ተከፋፍሎ እንደሚመለስላቸው ተነገራቸው። ጉዞ የሚሸጥላችሁ ድርጅት የሚያጓጉዛችሁን ነገር በእጁ መያዙን ጠይቁ፦ የአውሮፕላኑ ቦታ ተይዟል? በማን ስም? ሆቴሉ ማረጋገጫ ልኳል? ቅጂውን አሳዩኝ። መልሱ "አይዞዎት" ከሆነ ሙሉውን አትክፈሉ፤ ቀሪው ቪዛ ሲመታ ይከፈል ብላችሁ ተዋዋሉ።

ጊዜን በተመለከተ ሰው የሚዘናጋው የውል ይርጋ በአንቀጽ 1845 ዐሥር ዓመት ነው የሚለውን ሰምቶ ነው። ተታለልኩ ወይም ተሳሳትኩ ብላችሁ ውሉን ለማስፈረስ ግን በአንቀጽ 1810 ያላችሁ ሁለት ዓመት ነው። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት አገልግሎት የገዛ ሸማች ገንዘቡን ወይም ምትኩን የሚጠይቅበት ጊዜ 15 ቀን ነው። ዐሥራ አምስት ቀን ሽማግሌ ለመሰብሰብ እንኳ አይበቃም። ሽምግልናውን አልቃወምም፣ አበጋሮቻችን ፍርድ ቤት ያልቻለውን ሲያስታርቁ ኖረዋል፤ አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገብታችሁ ጎን ለጎን ሽማግሌ ላኩ። ለፖሊስ ማመልከትም የፍትሐ ብሔር ይርጋውን አያቆምም። በእርቁ ላይ "ከእንግዲህ አንጠያየቅም" የሚል ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ገንዘቡ እጃችሁ ይግባ፤ የእርቅ ውል በአንቀጽ 3312 በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው።

ክሱ የት ይቀርባል? ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት፣ ወይም ተከሳሹ በሚሠራበት ቦታ። አዲስ አበባ ሄዳችሁ የፈረማችሁ ሰዎች አዲስ አበባ ለመመላለስ ተዘጋጁ፤ ሃይቅ ላይ ከፈረማችሁ ይህን የሚያሳይ የቦታ ስም ውሉ ላይ ይኑር። ከሳሽና ተከሳሽ የተለያየ ክልል ነዋሪ ሲሆኑ ጉዳዩ የፌዴራል ይባላል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ውክልና የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃን ሥልጣን ስለሚሠራበት፣ ከወረዳው ይልቅ ደሴ ወዳለው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልትላኩ ትችላላችሁ። ይህን ነጥብ የወረዳ ችሎቶች በአንድ መንገድ አይዙትም፤ መዝገብ ከማስከፈታችሁ በፊት ሬጅስትራሩን ጠይቁ። ቀጠሮ ሲሰጣችሁም ከዋዜማው ደሴ እደሩ። ከሳሽ ቀርቶ የተዘጋን መዝገብ በበቂ ምክንያት ለማስከፈት ያለው ጊዜ አንድ ወር ነው፤ ይግባኝ ለማለት ደግሞ 60 ቀን።