አደባባይና ገበያ በዴንፓሳር

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ዴንፓሳር በኢንዶኔዥያ የባሊ ደሴት ዋና ከተማ ናት። በመካከሏ የፑፑታን አደባባይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1906 የሆላንድ ጦር ከተማይቱን በወረረ ጊዜ፣ የባዱንግ ንጉሥ ነጭ ልብስ ለብሶ ከነቤተሰቡና ከነተከታዮቹ ወደ ጦሩ ገሠገሠ፤ እጅ ከመስጠትም ሞትን መረጠ። «ፑፑታን» ማለት ይህን የመሰለ እስከ መጨረሻው መጋደል ነው። ከአደባባዩ በስተምሥራቅ የባሊ ሙዚየም ቆሟል። ጥቂት ወደ ምዕራብ የተጓዘ ሰው ባዱንግ ገበያ ይደርሳል። በዚያም ቅመም፣ ፍራፍሬና ለአማልክት የሚቀርብ አበባ ይሸጣል። ገበያው በ2016 ቢቃጠልም፣ እንደገና ታንጾ በ2019 ተከፈተ።

መልመጃ

1. «ቢቃጠልም» ተቃራኒ ሐሳቦችን ያያይዛል። በዚሁ አገባብ ስለ ንጉሡ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
2. የአደባባዩና የገበያው ታሪክ በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያያል? በአንድ አንቀጽ አስረዱ።